ከኤርፖርት ኤርፖርት ስንት ኪሎሜትር፣ ስንት ሰዓት? ራሳችሁ የምታሰሉበት መንገድ

«በረራው ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚጠብቀው አንድ ቁጥር ነው። ፈልጎ የሚያገኘው ግን አራት ነው። ከኒውዮርክ ለንደን እንበል። አንዱ ቦታ 6 ሰዓት ከ30 ይላል። ሌላው 6 ሰዓት ከ20። ትኬቱ ላይ 7 ሰዓት ተጽፏል። ትኬቱ ላይ ያለውን መድረሻ ሰዓት ከመነሻው ሲቀንሰው ደግሞ 12 ሰዓት ይመጣለታል። አራቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እያንዳንዱ የለካው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ከርቀቱ ጀምረን እስከ ትኬቱ ድረስ በቅደም ተከተል እንሂድበት። የሚያስፈልጋችሁ ስልክና ሳይን ኮሳይን ያለው ካልኩሌተር ብቻ ነው። ብዙ ስልኮች ላይ ካልኩሌተሩን ከፍታችሁ ስልኩን ወደ ጎን ስታዞሩት ይመጣል።

1. የምትፈልጉትን ለዩ

ርቀት ሲባል ሁለት ነገር ነው። አንዱ በምድር ገጽ ላይ በሁለቱ ኤርፖርቶች መካከል ያለው አጭሩ መስመር ነው። ይሄ አይለወጥም። ሌላው አውሮፕላኑ የዛሬን ቀን የሄደበት መንገድ ነው፤ ይሄኛው በየቀኑ ይለያያል። ሰዓትም እንደዚያው ነው፦ አየር ላይ የቆየበት አለ፣ ከበር እስከ በር ያለው አለ።

የትኛው እንደሚያስፈልጋችሁ የሚወስነው ጉዳያችሁ ነው። ትራንዚት የምታሰሉ ከሆነ ከበር እስከ በር ያለውን ያዙ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለዘገየ በረራ ካሳ የምትጠይቁ ከሆነ ደግሞ አጭሩን መስመር ነው የምትፈልጉት። በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ደንብ የካሳውን ደረጃ የሚከፍለው በ1,500 እና በ3,500 ኪሎሜትር ነው፤ የሚለካውም በአጭሩ መስመር ነው። በአንድ ቦታ ማስያዣ ተገናኝተው በተገዙ በረራዎች ላይ፣ በመሃል ሌላ ከተማ ዞራችሁ ብትሄዱም የሚቆጠረው ከመጀመሪያው መነሻ እስከ መጨረሻው መድረሻ ያለው ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን በረራ ደምሮ ይጽፋል፣ ልክ አይደለም።

2. ከተማውን ሳይሆን ኤርፖርቱን ያዙ

ለንደን ሂትሮው አላት፣ ጋትዊክ አላት፣ ስታንስቴድ፣ ሉተን፣ ሲቲ እያለ ይቀጥላል። ቶኪዮ ሃኔዳና ናሪታ አሏት፤ ናሪታ ከመሃል ከተማው 60 ኪሎሜትር ገደማ ይርቃል። ስለዚህ ባለ ሦስት ፊደሉን ኮድ ተጠቀሙ። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጄኤፍኬ የአንድ ኤርፖርት ኮድ ነው፣ ኤንዋይሲ ግን የኒውዮርክን ኤርፖርቶች አንድ ላይ የያዘ የከተማ ኮድ ነው። ኤልኤችአር ሂትሮው ነው፣ ኤልኦኤን ግን መላው ለንደን ነው።

የከተማ ስም ብቻ አይታመንም። የአውስትራሊያዋን ሲድኒ ፈልገው ካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ያለችው ትንሿ ሲድኒ ላይ ያረፉ መንገደኞች ከአንዴም ሁለቴ ዜና ሆነዋል።

3. መገኛውን በቁጥር ጻፉ

ጎግል ማፕስ ላይ ኤርፖርቱን ፈልጉና ማኮብኮቢያው ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ሁለት ቁጥር ይወጣል፤ የመጀመሪያው ኬክሮስ፣ ሁለተኛው ኬንትሮስ ነው። ለምሳሌያችን፦

ጄኤፍኬ፦ 40.64 እና −73.78
ሂትሮው፦ 51.47 እና −0.46

ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ይበቃል። 0.01 ዲግሪ በግምት 1.1 ኪሎሜትር ነው፤ የሂትሮው አንዱ ማኮብኮቢያ ብቻውን 3.9 ኪሎሜትር ይረዝማል። ከዚያ በላይ መጠንቀቅ ትርፍ ድካም ነው።

ሰው የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛው ስህተት ዲግሪና ደቂቃን ከነጥብ ቁጥር ጋር መቀላቀል ነው። 51 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ ማለት 51.28 አይደለም። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው፤ 28ን ለ60 ስታካፍሉት 0.47 ይመጣል፣ ስለዚህ 51.47 ነው። 51.28 ብላችሁ ከጻፋችሁ ሂትሮውን 21 ኪሎሜትር ወደ ደቡብ ገፋችሁት ማለት ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው፤ የመቀነስ ምልክቱን መርሳት። ከምድር ወገብ በስተደቡብ ያለ ኬክሮስና ከግሪንዊች በስተምዕራብ ያለ ኬንትሮስ ቅንስ ናቸው። የጄኤፍኬን ምልክት ረስታችሁ 73.78 ብላችሁ ብትጽፉ ኤርፖርቱ ኪርጊዝስታን ውስጥ ይገባል። አደገኛ የሚያደርገው ግን ይሄ አይደለም። ሂትሮው ዜሮው መስመር አጠገብ ስለሆነ ከኪርጊዝስታንም ከኒውዮርክም ተመሳሳይ ርቀት ላይ ነው ያለው፤ ስለዚህ የተሳሳተው ስሌት 5,600 ኪሎሜትር ያወጣል፣ ትክክለኛው ደግሞ 5,540 ነው። የሚያጠራጥር ነገር አይታይም! በዚያው የተሳሳተ ቁጥር ከኒውዮርክ ቶኪዮ ስታሰሉ ነው ጉዱ የሚወጣው። ስለዚህ ቁጥሩን ካስገባችሁ በኋላ መልሳችሁ ካርታው ላይ ጻፉትና ነጥቡ የት እንዳረፈ በዓይናችሁ እዩ። አስር ሰከንድ አይፈጅም።

4. ርቀቱን አስሉ

መጀመሪያ ካልኩሌተሩን ፈትኑት። የ30ን ሳይን ጠይቁት። 0.5 ካለ በዲግሪ ላይ ነው፣ ቀጥሉ። −0.988 ካለ ራዲያን ላይ ነው፣ ለውጡት። ኤክሴል ሁልጊዜ የሚሠራው በራዲያን ስለሆነ እዚያ የምትሠሩ ከሆነ ዲግሪውን መጀመሪያ ወደ ራዲያን ቀይሩ።

አሁን ስሌቱ፦

የሁለቱን ኬክሮስ ሳይን አባዙ። 0.6513 × 0.7823 = 0.5095
የሁለቱን ኬክሮስ ኮሳይን አባዙ። 0.7588 × 0.6229 = 0.4727
የኬንትሮሶቹን ልዩነት ውሰዱ። 73.78 ሲቀነስ 0.46 = 73.32። ኮሳይኑ 0.2870 ነው።
ሁለተኛውን በዚህ አባዙት። 0.4727 × 0.2870 = 0.1357
ከመጀመሪያው ጋር ደምሩት። 0.5095 + 0.1357 = 0.6452
ይሄ የየትኛው ማዕዘን ኮሳይን እንደሆነ ካልኩሌተሩን በግልባጭ ኮሳይን (cos⁻¹ በሚለው ቁልፍ) ጠይቁት። 49.82 ዲግሪ ይላችኋል።

ይህ ማዕዘን ምድር መሃል ላይ ቆማችሁ አንድ እጃችሁን ወደ ኒውዮርክ፣ ሌላውን ወደ ለንደን ብትዘረጉ በእጆቻችሁ መካከል የሚኖረው ክፍተት ነው። የምድር ዙሪያ 40,030 ኪሎሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ዲግሪ 111.2 ኪሎሜትር ይይዛል። 49.82 × 111.2 = 5,540 ኪሎሜትር።

አብራሪዎች በኪሎሜትር አይናገሩም፣ በኖቲካል ማይል ነው። ይሄ መለኪያ ከምድር ቅርጽ የወጣ ስለሆነ እኔ በጣም ነው የምወደው፤ ከአንድ ዲግሪ ስድሳ እጅ አንዱ፣ ማለትም አንዲት የማዕዘን ደቂቃ፣ አንድ ኖቲካል ማይል ናት። ስለዚህ 49.82ን በ60 ማባዛት ብቻ ነው፦ 2,989። አንዱ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎሜትር ነው።

አንዳንድ ካልኩሌተሮች ለዚሁ መስመር 5,554 ይላሉ። አልተሳሳቱም። ምድር ፍጹም ድቡልቡል አይደለችም፤ ከመሃሏ እስከ ወገቧ 6,378፣ እስከ ዋልታዋ ደግሞ 6,357 ኪሎሜትር ነው። ይህንን ሒሳብ ውስጥ የሚያስገባ ስሌት ከእኛ በጥቂት ኪሎሜትር ይለያል። ልዩነቱ ከመቶ ግማሽ እጅ ገደማ አያልፍም። ርቀታችሁ ለምሳሌ 1,498 ወጥቶ የካሳ ደረጃው 1,500 ላይ ከሆነ ግን ያኔ የትኛው ስሌት እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው።

ሒሳብ የማይወድ ሰው ክርና ሉል ይበቃዋል። ክሩን ኒውዮርክ ላይ በጣት ያዙ፣ ቶኪዮ ላይ አድርሱና ወጠር አድርጉት። ክሩ ራሱ ተንሸራቶ በሰሜን ካናዳና በአላስካ በኩል ይሄዳል። ፓስፊክን መሃሉ ላይ ያደረገ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ ብታሰምሩ ግን ፓስፊክን መሃል ለመሃል ያቋርጣል። ማስመሪያው ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ የሚረዝመው እሱ ነው። የክሩን ርዝመት ከሉሉ ሙሉ ዙሪያ ጋር አነጻጽሩ፤ ዙሪያው 40,000 ነው ብላችሁ በንጽጽር ማውጣት ትችላላችሁ።

5. ርቀቱን ወደ ሰዓት ለውጡ

ፍጥነቱ እንደ አውሮፕላኑ ነው። ኤቲአር 72 ዓይነት ባለ ፕሮፔለር በሰዓት 500 ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል። ኤርባስ ኤ320 እና ቦይንግ 737 ወደ 830፣ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ወደ 900። ጄት መሆኑ ታውቆ የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ 850 ብላችሁ ያዙ። 5,540ን ለ850 ስታካፍሉ 6 ሰዓት ከ30 ይመጣል። መግቢያው ላይ ያየነው የመጀመሪያው ቁጥር ይሄ ነው፤ ደረቅ ማካፈል።

ግን አውሮፕላን ከመሬት ሲነሳ በ850 አይሄድም። ከፍታው ላይ ለመድረስ 20 ደቂቃ አካባቢ ይፈልጋል፣ ሲወርድም ከኤርፖርቱ 200 ኪሎሜትር ያህል ሲቀረው ጀምሮ ነው ፍጥነት የሚቀንሰው። ለዚህ 30 ደቂቃ ጨምሩ። አጭር በረራ ላይ ይህ 30 ደቂቃ ሁሉን ነገር ይለውጣል። 400 ኪሎሜትር በኤ320 ስታካፍሉ 29 ደቂቃ ነው፤ ስትጨምሩበት አንድ ሰዓት ይሆናል። እጥፍ! ረጅሙ ላይ ግን አይታወቅም። ከሲንጋፖር ኒውዮርክ 15,300 ኪሎሜትር ነው፤ ለ900 ስታካፍሉት 17 ሰዓት ሲሆን 30 ደቂቃው እዚያ ውስጥ ይጠፋል።

6. ንፋሱን አስገቡ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው፣ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣውም ይሄው ነው።

ከ9 እስከ 12 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጄት ስትሪም የሚባል የአየር ወንዝ አለ። በፈረንጆቹ ክረምት፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ብርድ ወቅት፣ ይበረታል፤ መሃሉ ላይ በሰዓት ከ200 ኪሎሜትር በላይ ሊነፍስ ይችላል። አውሮፕላኑ የሚበረው በአየሩ ውስጥ ነው፤ አየሩ ራሱ ወደ ምሥራቅ እየሄደ ከሆነ ተሸክሞት ይሄዳል። በየካቲት 2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጄኤፍኬ የተነሳ አንድ ቦይንግ 747 ሂትሮው የደረሰው በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። ከመሬት አንጻር ፍጥነቱ በሰዓት 1,300 ኪሎሜትርን አልፏል። ድምፅን ቀድሟል ማለት ግን አይደለም። በዙሪያው ካለው አየር አንጻር የሄደው በተለመደው ፍጥነቱ ነው።

ለተራ ቀን እንዲህ አስሉ። መጀመሪያ ርቀቱ ላይ 4 በመቶ ገደማ ጨምሩ፤ አውሮፕላን ሲነሳና ሲያርፍ ይዞራል፣ በመሃልም የተመደበለትን መስመር ይከተላል። 5,540 ወደ 5,750 ይጠጋል። ከዚያ አውሮፕላኑ በ900 የሚሄደው ቦይንግ 787 ነው እንበልና አማካይ ንፋሱን 80 ያዙ። ወደ ምሥራቅ 900 ሲደመር 80 = 980፤ 5,750ን ስታካፍሉለት 5 ሰዓት ከ50 ገደማ፣ ከ30 ደቂቃው ጋር 6 ሰዓት ከ20። ሁለተኛው ቁጥር ተገኘ። ወደ ምዕራብ 900 ሲቀነስ 80 = 820፤ 7 ሰዓት፣ ሲደመርበት 7 ሰዓት ከ30። ያው መንገድ፣ ያው አውሮፕላን፣ 1 ሰዓት ከ10 ልዩነት።

«ሲሄድ ያተረፈውን ሲመለስ ይከፍላል፣ እኩል ይሆናል» የሚሉ አሉ። እኩል አይሆንም። በተቃራኒ ንፋስ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ስለሚረዝም ንፋሱ የሚጎዳው ከሚጠቅመው ለበለጠ ጊዜ ነው። ስለዚህ ደርሶ መልሱ ንፋስ ከሌለበት ቀን ትንሽ ይበልጣል።

ለዚህም ነው የበረራ ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች አጭሩን መስመር ትተው አንዳንዴ በመቶ የሚቆጠር ኪሎሜትር የሚዞሩት። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ንፋሱን ይሸሻሉ፣ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ይፈልጉታል። ኪሎሜትሩ ረዝሞ ሰዓቱ ያጥራል።

7. ሰማዩ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ

ስሌታችሁ ልክ ሆኖ እውነታው በሰዓታት ሊርቅ ይችላል። ከሄልሲንኪ ቶኪዮ በሩሲያ ሰማይ ላይ 9 ሰዓት ተኩል ያህል ነበር። ከ2022 ወዲህ ይህ ሰማይ ለአውሮፓ አየር መንገዶች ሲዘጋ የፊንላንዱ በረራ በሰሜን ዋልታ በኩል ወይም በደቡብ ዞሮ 13 ሰዓት አካባቢ መፍጀት ጀመረ። በኤርፖርቶቹ መካከል ያለው አጭሩ መስመር ግን አንድ ሜትር አልጨመረም። የቆየ ጽሑፍ ላይ ያገኛችሁትን የበረራ ሰዓት የማትጠቀሙበት ምክንያት ይሄ ነው።

8. መሬት ላይ የሚጠፋውን ጨምሩ

አየር መንገድ ትኬት ላይ የሚጽፈው አውሮፕላኑ ከበሩ ከሚላቀቅበት እስከ መድረሻው በር ላይ እስከሚቆምበት ያለውን ነው። ትልልቅ ኤርፖርቶች ላይ ለመነሳት ወረፋ አለ፤ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ብትጨምሩ አታጋንኑም። አምስተርዳም ሺፕሆል ላይ ፖልደርባን በሚባለው ማኮብኮቢያ ካረፋችሁ አውሮፕላኑ አውራ ጎዳና በድልድይ ተሻግሮ ተርሚናሉ ጋ እስኪደርስ 15 ደቂቃ በጎማው ሊሄድ ይችላል። አየር መንገዶቹ ደግሞ እንዳይዘገዩ ብለው ጥቂት ደቂቃ መጠባበቂያ ያስገባሉ። የእኛ 6 ሰዓት ከ20 በዚህ መንገድ ነው 7 ሰዓት የሚሆነው።

እኔ አንድ ጊዜ አየር ላይ የሚቆይበትን ሰዓት ብቻ ይዤ ቀጣዩን በረራ በሌላ ትኬት ቆረጥኩ። 50 ደቂቃ ይተርፈኛል ብዬ ነበር። ወረፋውን አልቆጠርኩም፣ ካረፍን በኋላ በር እስኪለቀቅልን የጠበቅነውን አልቆጠርኩም። ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ትኬቱም የተለየ ስለነበር አዲስ ከመግዛት ሌላ መፍትሔ አልነበረም።

9. የትኬቱን ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት አምጡ

ትኬት ላይ ያሉት ሁለቱ ሰዓቶች የየከተማቸው ሰዓት ናቸው። ዝም ብላችሁ አትቀንሱ። ሁለቱንም መጀመሪያ ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ዩቲሲ ወደሚባለው፣ ቀይሩ። በፈረንጆቹ ክረምት ኒውዮርክ ከዩቲሲ 5 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ ለንደን እኩል ናት። በ24 ሰዓት አቆጣጠር ከኒውዮርክ 19:00 የተነሳ በዩቲሲ 24:00 ነው የተነሳው። ለንደን 07:00 ሲደርስ 7 ሰዓት ሆነ። 12 የመጣው በመሃል ያለውን 5 ሰዓት ስላልቀነስን ነው። በመልሱ ከለንደን 11:00 ተነስቶ ኒውዮርክ 14:00 ይደርሳል። 3 ሰዓት ይመስላል፤ 14:00 በዩቲሲ 19:00 ስለሆነ 8 ሰዓት ነው።

መጋቢትና ጥቅምት ላይ ተጠንቀቁ። አሜሪካ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት የምትገፋው በፈረንጆቹ ማርች ሁለተኛ እሑድ ነው፣ እንግሊዝ ደግሞ በመጨረሻው እሑድ። በመሃል ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ልዩነቱ 5 መሆኑ ቀርቶ 4 ይሆናል። ሲመለሱም በኦክቶበር መጨረሻ ለአንድ ሳምንት እንደዚያው ነው። ሕንድ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አለ፣ ኔፓል 45 ደቂቃ።

የቀን መስመርን፣ ማለትም ፓስፊክ ላይ ቀኑ የሚለወጥበትን መስመር፣ የሚያቋርጥ በረራ ያስደነግጣል። በፈረንጆቹ ክረምት ከቶኪዮ 17:00 የተነሳ ሎስ አንጀለስ በዚያው ቀን 10:00 ይደርሳል፤ ከመነሳቱ ሰባት ሰዓት ቀድሞ ማለት ነው። ትኬቱ አልተሳሳተም። 17:00 ቶኪዮ በዩቲሲ 08:00 ነው፣ 10:00 ሎስ አንጀለስ 18:00 ነው። 10 ሰዓት በረራ።

10. ከትናንቱ በረራ ጋር አስተያዩት

ፍላይትራዳር24 ወይም ፍላይትአዌር የተባሉት የበረራ መከታተያ ድረ ገጾች ላይ የበረራ ቁጥሩን ጻፉ። ያለፉት ቀናት በረራዎች ይወጣሉ፣ መቼ እንደተነሱና መቼ እንዳረፉ። የሰባቱን ቀን ጻፉ፣ ፈጣኑንና ዘገምተኛውን አውጡ፣ ከቀሩት መሃለኛውን ያዙ። የአውሮፕላኑንም ዓይነት እዚያው እዩት። ከእናንተ ስሌት ጋር ከ20 ደቂቃ በላይ ከተለያየ ወይ ንፋሱ ነው፣ ወይ የዞረ መንገድ ነው፤ የሄደበትን መስመር ካርታው ላይ ስታዩ ይለያል። «ቀጥታ» የተባለ በረራም በመሃል ማረፍ አለማረፉን እዚሁ ታያላችሁ፤ በአንድ የበረራ ቁጥር መንገድ ላይ አርፈው የሚቀጥሉ አሉ።

ሰው ለመቀበል የምትወጡ ከሆነ «አርፏል» የሚለውን አይታችሁ አትሩጡ። ጎማው መሬት ነካ ማለት ብቻ ነው። በሩ ላይ ቆመ የሚለውን ጠብቁ፤ ፓስፖርትና ሻንጣ ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው።